የልጅቷ እጅ

«የልጅቷ እጅ ነው፣ ወይዘሮ ዋጋነሽ። የኔ እጅ እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራል? ይመኑኝ፤ የልጅቷ ነው።»

አልፊያ የአባቷን ድምፅ የሰማችው ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ነው። እግሯን አጣጥፋ፣ እጀታ ያልገባለት ቢላ ጭኗ ላይ አጋድማ፣ በዘይት በራሰ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ትወለውል ነበር። እጇ በያዘው ቀረ። ያ መጋረጃ ዓይን ይከልል እንደሆነ እንጂ ድምፅ አይከለክልም፤ አባቷም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ቤታቸው ኮልፌ ውስጥ እንዳሉት ብዙ ቤቶች የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያላት፣ በአበባማ ጨርቅ ለሁለት የተከፈለች ናት። ወደ መንገዱ የተከፈተው ክፍል ሱቅም፣ መሥሪያም፣ እንግዳ መቀበያም ነው፤ ብረት ነክሶ የሚይዘው ሞርሳ የተመታበት ግንድ፣ በእግር የሚዞር መሳያ ድንጋይ፣ የበሬ ቀንድ የሞላበት ጆንያና የአባቷ በርጩማ እዚያ አሉ። የኋለኛው ክፍል ደግሞ ሁለት አልጋ፣ አንድ ሳጥን፣ አንድ የከሰል ምድጃ ይዞ ሲያበቃ የተረፈው ቦታ የአልፊያ ነው። ቀኑን ሙሉ ብረት የምትወለውለው እዚያ፣ በጓሮዋ መስኮት በምትገባው ብርሃን ሥር ነው።

ወይዘሮ ዋጋነሽ ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ዳር አዲስ ሥጋ ቤት ልትከፍት የተዘጋጀች፣ ደልደል ያለች፣ ነገር የማታሳድር ሴት ናት። ደርዘን የቁርጥ ቢላ አዝዛ ግማሹን ባለፈው ሳምንት ወስዳ ነበር፤ ዛሬ በጠዋቱ በጋዜጣ ጠቅልላ መልሳ አመጣችው። ሰሞነ ሕማማት ስለሆነ እጅ አልነሳችም፣ እንዴት አደሩም አላለች፤ ያመጣቻት ሰይቼንቶ ታክሲ ደጅ ላይ ሞተሯን ሳታጠፋ ትንተከተካለች።

«ጋሽ ሰይፈዲን፣ ስለቱን አላማሁም፤ ምላጭ ነው» አለች። «ግን ቁርጥ የሚበላ ሰው ቢላ ሲያነሳ መጀመሪያ የሚያየው የቱን ነው? እዚህ፣ አንገቱን! የደረቀ ንፍጥ የመሰለ ነገር ተለጥፎበት እያየ ሥጋው ይወርድለታል? ሰው ሁዳዴን ሙሉ ጾሞ፣ ለፋሲካ አፉን ሊያሟሽ ሲመጣ ይህን ላቅርብለት?»

«እውነትዎን ነው፤ እውነትዎን ነው። ነገርኩዎት እኮ፣ ልጅቷ ናት።»

«እንግዲያው ልጅቷ አትንካብኝ! እነዚህንም ያጽዱልኝ፣ የቀሩትንም በራስዎ እጅ ይሥሩልኝ። ከመምሸቱ በፊት መጥቼ እወስዳለሁ። ነገ ጸሎተ ሐሙስ ነው፣ ከነገ ወዲያ ስግደት ነው፤ ከዛሬ ሌላ ቀን የለኝም። ካልሆነ ከመርካቶ የፈረንጅ ቢላ እገዛለሁ።»

«በእጄ ነው የምሠራው። ቃሌ ነው» አሉ አባቷ።

ታክሲዋ ራቀች። አልፊያ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። አባቷ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ቢላዎቹን ከጋዜጣው እያወጡ ግንዱ ላይ ይደረድራሉ፤ ፊታቸውን ወደ እሷ አላዞሩም። «ሰማሽ?» አላሉም፤ እሷም «ሰማሁ» አላለችም። አንድ ቃል ጠበቀች። «ምን ላድርግ፣ ነገሩን ለማብረድ ብዬ ነው» ቢሏት እንኳ ይበቃት ነበር።

«ሻዩ ቀዘቀዘ» አሉ አባቷ።

አልፊያ ሻዩን አሞቀች።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከኮላው ጋር ነው። ቀድሞ አባቷ እጀታ የሚያጣብቁት የዛፍ ሙጫ ከሰል ላይ አቅልጠው ነበር። ሙጫው ስለቱ ላይ ቢፈስም ሲደርቅ በጥፍር ሲነካ ፍርክስ ብሎ ይወድቅ ስለነበር ማንም ጉዳዬ አላለውም። አምና ግን ፒያሳ ካለ ሱቅ ባለ ሁለት ቱቦውን ኮላ አመጡ፤ ከዚህም ከዚያም እኩል ተጨምቆ፣ በእንጨት ተማስሎ የሚቀባ የፈረንጅ ኮላ። እጀታውን እንደ አጥንትና ሥጋ ያያይዘዋል፤ ውሃ አይፈታው፣ ቅባት አይፈታው። ክፋቱ የነካውንም እንዲሁ አለመልቀቁ ነው። ሁለቱ የቀንድ ግማሾች ከግራና ከቀኝ እጀታው ውስጥ የሚገባውን የቢላውን ጭራ አቅፈው ሞርሳው ውስጥ ሲጠበቁ፣ ኮላው ከመሃላቸው ሾልኮ ስለቱ ከእጀታው የሚገናኝበት አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ሳይደርቅ ካልጠረጉት ቢጫ ኪንታሮት ሆኖ ይቀራል። በብረት ቢፍቁት ብረቱን ይቦጭረዋል፤ የተቦጨረውን ለማጥፋት ደግሞ ገላውን ሁሉ እንደ አዲስ መወልወል ነው።

የሚወለውለው ደግሞ ማን ሆኖ? ስለት ማውጣቱን አባቷ በጆሯቸውና በአውራ ጣታቸው ስለሚያውቁት ዛሬም የሚስተካከላቸው የለም። ገላውን መስታወት እስኪመስል ማለስለስ ግን፣ ከባሏ ቤት ወጥታ እዚህ ከገባች ጊዜ ጀምሮ፣ የአልፊያ ሥራ ነው። የመጨረሻዋን፣ እጀታ ማጣበቋን፣ አባቷ ለማንም አይሰጡም። «ቢላ የሚወለደው እጀታው የገባ ዕለት ነው፤ ማዋለድ ደግሞ የጌታው ነው» ይላሉ። እሷ ክንዷ እስኪዝል ያበራችውን ብረት ሻይ እስኪፈላ በማይሞላ ጊዜ ኮላ ያለብሱታል። ለምን እንደሆነም ታውቃለች። ባለፈው ክረምት የሻይ ብርጭቆ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወዲህ፣ አየር ላይ ሲያስቀምጡ አይታለች። የሰላምታ እጅ ሲዘረጋላቸው ድምፁን ጠብቀው እንደሚዘረጉ አይታለች። የዓይናቸው ብሌን ላይ ሞራ እንደ ወተት ስስ ሽፋን ተጋርዷል። እሳቸው አልነገሯትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ሁለቱም እንዳላወቀ ሆነው ዓመት ሊሞላቸው ነው።

የተመለሱትን ቢላዎች ታቅፋ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። በብዙ ክስረት የተማረችው አንድ ዘዴ ነበራት፦ የጃንሆይ መልክ ያለበትን የመዳብ ሳንቲም ጠርዙን ስላ፣ ቢላውን ከምድጃው ዳር ለብ አድርጋ፣ ኮላውን በሳንቲሙ ትገፋዋለች። መዳብ ከብረቱ የለሰለሰ ስለሆነ አይቦጭርም። ግን ሥራው የትዕግሥት ነው፤ ዛሬ ደግሞ ትዕግሥት አልነበራትም። ከገፋችው ቅራፊ ጋር ያቺ ቃል ትመጣባታለች፤ የልጅቷ እጅ። የቱ እጅ? ይሄ ጥፍሩ በዘይት የጠቆረው? ይሄ አውራ ጣቱ የተላጠው? ሳንቲሙ ሁለት ጊዜ አዳልጧት ጣቷን መታት። መንገዱ ላይ ከአስኮ በኩል እንጨት የጫኑ አህዮች እየተነዱ ያልፋሉ፤ ጎረቤቶች «እንዴት አደርሽ፣ አልፊያ» እያሉ ያልፋሉ፤ እሷም «አልሐምዱሊላህ» ትላለች፤ ድምፅዋ ለራሷ እንኳ የሌላ ሰው ይመስላታል። አባቷ ከውስጥ ሆነው ሥጋ ስለመወደዱ፣ ይህች ሴትዮ በዚህ ዋጋ ሥጋ ቤት ከፍታ እንደማትዘልቅ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ ያወራሉ።

ስድስቱንም አጽድታ ጨርቅ ላይ ስትደረድር ፀሐይዋ ወደ አናት ተጠግታለች። «እነዚህ አልቀዋል» አለች። «የቀሩትን እኔ ልያዛቸው፣ አባባ? እጀታቸውን?»

«አንቺ ተይው። በእጄ ብያታለሁ፤ በእጄ ነው። ቃል ሰጥቻለሁ።»

አልፊያ ሳቅ ሊያመልጣት ምንም አልቀራት። ውሸቱን በአደባባይ ለቀው ሲያበቁ አሁን ለቃላቸው ሊታመኑ ነው! አጠገባቸው ቆመች። አባቷ ሁለቱን ቱቦዎች በጣታቸው ዳብሰው ለዩ፤ በቆርቆሮ ላይ ጨመቁ፤ አንዱ ከሌላው በዛ፤ ማሰሉት። ጭራውን ቀቡ፤ አበዙት። ቀንዶቹን በግራና በቀኝ አስገቡ፤ የነሐሱን ሚስማሮች ሰኩ፤ እስከዚህ ድረስ እጃቸው አልሳተም፤ የአርባ ዓመት እጅ ነው። ሞርሳው ውስጥ ሲያጠብቁት ግን ኮላው ከአንገቱ ሾልኮ ወጣ። አባቷ ሊጠርጉት ብለው አውራ ጣታቸውን ሰደዱ። ጣታቸው አስቀድሞ ኮላ ነክቶት ነበር። ትናንት ከአስር ሶላት እስከ መግሪብ የወለወለችው ገላ ላይ፣ ከአንገቱ እስከ ጫፉ፣ ቀንድ አውጣ የሄደበት የመሰለ መንገድ ተሠመረ።

«ተመልከቺ» አሉ አባቷ ቀና ብለው፤ ፊታቸው ላይ እርካታ አለ። «እንዲህ ነው እንግዲህ። ንጽት ያለ።»

አልፊያ ልትተወው አሰበች። ይቅር፤ ይድረቅ፤ ማታ ሴትዮዋ መጥታ ትየውና ያን ጊዜ የማን እጅ እንደሚሉ እሰማለሁ፣ አለች በሆዷ። አፏ ግን አልታዘዛትም።

«ንጹሕ አይደለም፣ አባባ።»

«የቱ ጋ?»

ቢላውን ከሞርሳው ፈተው ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት፤ ዓይናቸውን አጥብበው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው መረመሩ። የሚመረምሩት ኮላ ያልነካውን ፊት ነው።

«በወዲያኛው ፊት ነው» አለች ቀስ ብላ።

አገላበጡት። ጣታቸውን ሰደዱ፤ ጣታቸው ተጣበቀ። ጣታቸውን ጭናቸው ላይ አሻሹ። ከዚያ «ደመና ሆኗል፤ ብርሃን የለም» አሉ። ውጪ ፀሐይዋ ቆርቆሮውን እያስጮኸችው ነበር።

ጀላል የደረሰው በዚህ መካከል ነው። ጀላል የአልፊያ ታላቅ ወንድም፣ መርካቶ የጨርቅ ሱቅ ያለው፣ አራት ልጆች አባት ነው። የአባቱን ትከሻ ስሞ፣ የሙዝ ጥቅል አስቀምጦ፣ ስለ አውቶቡሱ ግፊያ ትንሽ አማርሮ ሲያበቃ ዓይኑ ያ ቢላ ላይ ወደቀ። አነሳው፤ አየው፤ አስቀመጠው። አባቱን አንዴ አየ። «አልፊያ፣ እስቲ ውሃ አምጪልኝ» አለና ራሱ ተከትሏት ጓሮ ወጣ። በርሜሉ አጠገብ፣ ከመስኮቷ ሥር ቆሙ።

«እውነቱን ንገሪኝ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አባባ ያያሉ?»

ይህን ጥያቄ አንድ ሰው እንዲጠይቃት ስንት ጊዜ ተመኝታለች! መልሱ ከንፈሯ ላይ ነበር። ግን ጀላል ለምን እንደሚጠይቅ ታውቃለች። ከጥምቀት ጀምሮ የሚያመላልሰው ሐሳብ አለው፦ የፊተኛው ክፍል ለጎሚስታ ይከራያል፤ መንገድ ዳር ስለሆነ ጎማ ለሚጠግን ሰው ሸጋ ቦታ ነው። አባባ እሱ ቤት ገብተው ያርፋሉ። አልፊያም አብራ ገብታ ልጆች ትይዛለች። አባቷ የሰው ቤት ጥግ ተቀምጠው፣ ስኳር እየቆጠረች የምትሰጥ ምራት ፊት፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲውሉ ታያት። ራሷም ታየቻት፤ የሰው ልጅ ንፍጥ ስትጠርግ፤ ብረት ሳትነካ።

«ያያሉ» አለች።

«ታዲያ ያ ኮላ ምንድነው? በጤና እንዲህ ይደረጋል?»

«እኔ ነኝ» አለች አልፊያ። «እሳቸው አይደሉም። የኔ እጅ ነው።»

ጀላል ተነፈሰ። እፎይ ያለ ይመስላል፤ ወዲያው ግን ፊቱን ቋጠረ። «አንቺ ደግሞ ትንሽ ብትጠነቀቂ ምን አለበት? የሽማግሌ ስም ነው የምታጠፊው። አርባ ዓመት የሠራ ስም! እጅሽ ካልቻለ ለምን ትነኪያለሽ?» አላት። እንደገና ገብቶም አባቱን «አልፊያ እጀታውን እንዳትነካ ያድርጓት፤ መወልወሉ ይበቃታል» ብሎ፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ፣ የሱቁ ነገር አሳስቦት ሄደ። አልፊያ ጓሮ ቀርታ በርሜሉን ይዛ ቆመች። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ! ያውም ሁለተኛውን በገዛ አፏ። የበርሜሉን ክዳን አንስታ ደፋችው፤ እንደገና አንስታ ደፋችው፤ ድምፁ ጎረቤት ድረስ ተሰማ።

ስትገባ አባቷ ሶላት ላይ ነበሩ። ጨርሰው ምንጣፋቸውን አጣጠፉ። በርጩማው ላይ አልተቀመጡም። ግንዱን በእጃቸው ዳብሰው ሁለቱን ቱቦዎች አገኙና፣ እሷ ከምትቆምበት ወገን፣ ከእግሯ ሥር አስቀመጡላት። ያን ጊዜ የጓሮዋ መስኮት ክፍት እንደነበረች አስተዋለች። መጋረጃ ድምፅ አይከለክልም፤ መስኮትም አይከለክልም።

«ጊዜ የለንም» አሉ።

«ቃልዎስ?»

«ቃሌን አላህ ይጠይቀኝ። ያዢ።»

አልፊያ ዓመት ሙሉ በሐሳቧ ስትሠራው የኖረችውን ሥራ አሁን በእጇ ያዘች። በሐሳብ ሲሠራ ቀላል ነበር። አባቷ ያጣበቁትን፣ ኮላው ገና ሳይጠና፣ ፈታና ጠርጋ ከቀሩት ጋር አስቀመጠችው። አስቀድማ የቀንዶቹን ግንባር፣ ከስለቱ ጋር የሚጋጠመውን በኩል፣ ሳይጣበቅ በፊት ሞርዳ አለሰለሰችው፤ ከተጣበቀ በኋላ ሞረድ እዚያ ከገባ ብረቱን መንካቱ አይቀርምና። ከዚያ ሻማ አቅልጣ የስለቱን ገላ ሰም ቀባችው። ብረቱ ሰም ከለበሰ ኮላ ቢፈስበትም አይዘውም። ቀባች፣ አጣበቀች፣ ሞርሳው ውስጥ አስገባች፤ ደስ አላት። አባቷ ግን እጃቸውን ዘርግተው እጀታውን በሁለት ጣታቸው ያዙና ወዘወዙት።

«ሰም ገብቶበታል» አሉ። «ከእጀታው ሥር ሰም አለ። ይህ ለወሩ ይነቀላል።»

«አልገባም!»

«ገብቷል እያልኩሽ።»

ፈታችው። ገብቶ ነበር። እስከ አንገቱ ጠርዝ አልፋ ቀብታው ኖሮ፣ ሰሙ ሳይረጋ ወደ ጭራው ወርዷል። ከስህተቱ ይልቅ እሳቸው ትክክል መሆናቸው አናደዳት። ከመድኃኒት ቤት በመጣ አልኮል ጭራውን አጥባ፣ ቀንዶቹን አጥባ፣ እንደገና ጀመረች። አሁን ሰሙን ከአንገቱ መለስ አድርጋ፣ የክር ያህል ባዶ ብረት ትታ ቀባች። ያን ያልተቀባውን ክር ያህል ቦታ የሚጠብቀው እንግዲህ ጨርቅና ዓይን ነው። ኮላውን ሳስታ፣ ከአንገቱ ራቅ አድርጋ ቀባች። ስታጠብቀው ሾለከ። አልኮል በነካ ጨርቅ ከስለቱ ወደ እጀታው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ጠረገችው፤ ጨርቁን አጠፈችና በንጹሕ ፊቱ ደገመችው። ጠራ። ዘወር ብላ ሁለተኛውን ስታዘጋጅ፣ የመጀመሪያው አንገት ላይ እንደገና ላብ የመሰለ ነገር ቸፈቸፈ። ይህን አላሰበችውም ነበር። ኮላው አንዴ ተጠርጎ የሚያበቃ አይደለም፤ እስኪጠና ድረስ ይወጣል።

«በየትኛው ዓይኔ ሁለቱን ልጠብቅ!» አለች። ጮክ ብላ ነው ያለችው።

አባቷ በርጩማቸውን ሳቡ። «ወዲህ በይው» አሉ። ሞርሳው አንድ ብቻ ስለሆነ የቀሩት ከመኪና ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ እየተጠፈሩ ነበር የሚያዙት። የተጠፈረውን ተቀብለው በጉልበታቸው መካከል አቆሙና የቀኝ እጃቸውን ትንሿን ጣት አንገቱ ላይ፣ ከኮላው መውጫ፣ እንደ ሐኪም አሳረፉ። ትንሽ ቆይተው «ወጣ» አሉ። አልፊያ ጠረገች፤ ጣታቸውንም ጠረገች። «ወጣ» አሉ። ጠረገች። አንዱ ሲጠና ሌላውን ሰጠቻቸው። መሃል መሃል «አታብዢው»፣ «አልኮሉን አታፍስሺው፣ እጀታው ውስጥ ይገባል»፣ «ምን ያስቸኩልሻል» ይሏታል፤ እሷም «እያየሁ ነው» ትላቸዋለች፤ ይህ ቃል ከአፏ ከወጣ በኋላ ጨርቁን ደጋግማ ታጥፋለች። ስለ ጠዋቱ ማንም አላነሳም። አልፊያ ንዴቷ አልበረደላትም። ግን እጇ ስለተያዘ ንዴቷ የሚቀመጥበት አጥቶ ነበር።

የተጠፈሩትን ምድጃው ዙሪያ፣ ሙቀቱ ለብ በሚልበት ርቀት ደረደረቻቸው። ኮላው ጥፍር የማይገባው ሲሆን ላስቲኩን ፈታ፣ ሰሙን በሞቀ ጨርቅ ጠርጋ አነሳች። የመጨረሻውን ይዛ በር ላይ ስትወጣ ፀሐይዋ ከቀራንዮ ሰፈር በስተጀርባ ልትገባ ዘንበል ብላለች። ብረቱ ውስጥ ሰማዩ ታየ፤ ሰማዩና የደከመ የራሷ ፊት። ቀንዱና ብረቱ የተገናኙበት መስመር ላይ ምንም አልነበረም።

ታክሲዋ መጣች። ወይዘሮ ዋጋነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ገባች፤ ሳትቀመጥ አንዱን ቢላ አነሳች። አንገቱን አየች፤ አውራ ጣቷን አሳለፈችበት፤ አገላብጣ ወዲያኛውን ፊት አየች። ሌላ አነሳች። የተቋጠረ ፊቷ ቀስ በቀስ ተፈታ።

«ይኸዋ!» አለች። «ይኸዋ፣ ጋሽ ሰይፈዲን! ልጅቷ ዘወር ስትል እንዲህ የመሰለ ሥራ! መስታወት እኮ ነው፤ ከንፈሬን የምቀባበት! እጅዎ ይባረክ፤ ሌላ ምን እላለሁ።»

አልፊያ መጋረጃው አጠገብ ቆማለች። አልኮሉ እጇን አቃጥሎት፣ ጣቶቿ በኮላ ተያይዘው፣ አባቷን አየች። አንድ ቃል አሁንም ጠበቀች። አባቷ በርጩማቸው ላይ ወደ ሴትዮዋ ድምፅ ዞረው ዝም አሉ። ዝምታው ሲረዝም፣ በቃ፣ አለች በሆዷ፣ ዛሬም ሊውጡት ነው። መጋረጃውን ልትገልጥ ዘወር ስትል አባቷ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ።

«ወይዘሮ ዋጋነሽ፣ ይስሙኝ» አሉ። «የጠዋቱ ውሸት ነው። እነዚያን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዓይኔ አያይም፤ ዓመት ሆኖታል። እነዚህን የሠራችው ልጄ ናት። ያበላሸው የኔ እጅ ነው፤ ያጠራው የሷ እጅ ነው።»

አልፊያ መጋረጃውን ለቀቀችው።

ወይዘሮ ዋጋነሽ አባቷን አየች፤ አልፊያን አየች፤ ከዚያ ፊቷ በርኅራኄ ረሰረሰ። «አይ፣ አባት!» አለች፤ ድምፅዋ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። «ጠዋት በንዴት አሳልፈው ሰጧት፤ ማታ አንጀትዎ አልችል አለ። ልጅ እኮ አይጣልም። እኔም ወልጃለሁ፤ ይገባኛል። እንዲህ ዓይነቱን ሥራ የማያይ ሰው ይሠራዋል እንዴ? አይያዙብኝ፤ አልተቀየምኳትም።»

«ሴትዮ፣ እውነቴን ነው!»

«እሺ፣ እሺ።» ቢላዎቹን በጨርቅ እየጠቀለለች ወደ አልፊያ ዞረች። «አንቺ ልጅ፣ እንዲህ የሚሸፍንሽ አባት ስላለሽ አላህን አመስግኚ። እጃቸውን እያየሽ ተማሪ።»

«እትዬ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት» አለች አልፊያ። እጆቿን ዘረጋች፤ የተያያዙ ጣቶቿን፣ የቆሰለ አውራ ጣቷን አሳየቻት።

«እይውማ፣ ኮላውን!» አለች ወይዘሮ ዋጋነሽ በሐዘኔታ ራሷን ነቅንቃ። «ይሄው እኮ፤ ገና እጅሽ አልጸዳም።» የቀረውን ክፍያ ግንዱ ላይ አስቀምጣ፣ ጥቅሏን በደረቷ ታቅፋ ወጣች።

አባቷ የበሩን መቃን ዳብሰው ተከተሏት። «አልዋሸሁም እኮ!» ብለው ጮኹ። «ወይዘሮ ዋጋነሽ! አሁን አልዋሸሁም!» ሰይቼንቶዋ ተንተክትካ፣ ጭስ ለቃ ሄደች። መንገዱ ላይ የነበሩ ሰዎች ዘወር ብለው አዩአቸው። አባቷ እዚያው በሩ ላይ፣ ፊታቸው መኪናዋ ወደሌለችበት አቅጣጫ ዞሮ፣ ቆመው ቀሩ። ሲመለሱ በርጩማው እግራቸውን መታቸው፤ በእርግጫ ገፉት።

«ምን ዓይነት ሴት ናት!» አሉ። «ሰው በዚህ ዕድሜው አፉን ሞልቶ እውነት ሲናገር... እውነቴን ነው እያልኳት! እንዴት አታምነኝም?»

«ጠዋትማ አመነችዎት» አለች አልፊያ።

ይህን ያለችው ሳትጮህ ነው። አልፊያ የወደቀውን በርጩማ አቃናችላቸው፤ አልተቀመጡም። ከመስጊዱ የመግሪብ አዛን ተጀመረ፤ ሁለቱም አዛኑ እስኪያበቃ እሳቸው ግንዱን፣ እሷ የበሩን መቃን ይዘው ቆሙ።

«ቅዳሜ እንሄዳለን» አሉ አባቷ በመጨረሻ። «ሥጋ ቤቷ ድረስ።»

«ቅዳሜ የፋሲካ ዋዜማ ነው፤ በሬ የሚያስጥሉበት፣ ሰው የሚጋፋበት ቀን ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?»

«በሰው ፊት ነው እንጂ የምናገረው! ለብቻዋ ስነግራት አየሽ አይደል፣ ምን እንዳለች?» ድምፃቸውን ቀነሱ። «ብቻ መንገዱ ድንጋይ ይበዛበታል። እጄን ትይዢኛለሽ።»

የአልፊያ ንዴት ገና ደረቷ ውስጥ ነበር፤ ዛሬም ነገም የሚወጣ አይመስልም። ጣቶቿ ላይ የደረቀውን ኮላ በጥርሷ እየላጠች አባቷን ከራስ እስከ እግር አየቻቸው።

«እይዝዎታለሁ» አለች።